የእናቴ ፈትል ኮት እና አዲሱ የአለባበስ ማስታወሻ፦ ምክር ፈልጌ

የሰንጋ ተራዋ፣ ኅዳር 4፣ ከምሽቱ 2፡40

ጤና ይስጥልኝ። ሰንጋ ተራ አካባቢ በሚገኝ አንድ የግል ድርጅት፣ በሒሳብ ክፍል ውስጥ፣ ከተቀጠርሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። ባለፈው ሳምንት የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍሉ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንድ ገጽ ማስታወሻ ለጥፎ፣ ከታኅሣሥ 1 ቀን ጀምሮ ወንዱም ሴቱም ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ ሙሉ ሱፍ ከነጭ ሸሚዝ ጋር እንዲለብስ፣ ጸጉርም «ጨዋና ሥርዓት የያዘ» እንዲሆን አዟል። ምክንያቱ አልተጻፈም፤ የልብሱን ወጪ ማን እንደሚሸፍነውም አልተገለጸም።

እኔን ያስጨነቀኝ አንድ ኮት ነው። እናቴ ከአራት ዓመት በፊት ጥጡን ራሷ ባዝታ፣ ክረምቱን ሙሉ በእንዝርት ስትፈትል ከርማ፣ ልቃቂቶቹን በአሮጌ ነጠላ ቋጥራ ሰጠችኝ። ሽሮ ሜዳ ወስጄ፣ ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ የእናቴ ፈትል ሆኖ ተሸመነልኝ። ሸማኔው ጥለት እንዲያስገባበት አልፈለግሁም፤ ከዳር በኩል ብቻ ከእርሳስ የማይወፍር ጥቁር መስመር አስደረግሁበት። ከዚያ ለልብስ ሰፊ ሰጥቼ፣ ከወገቡ ጠበብ ያለ፣ ሁለት ኪስ ያለው፣ ገበር የገባበት የቢሮ ኮት አሰፋሁት። ጨርቁን በቅርብ ሲያዩት አንዳንዱ ክር ወፈር፣ አንዳንዱ ቀጠን ይላል፤ እንዝርቱን ያሾረው የእናቴ እጅ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው። ለሦስት ዓመት ያህል በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ከጥቁር ሱሪ ጋር ለብሼው ሠርቻለሁ፤ ከኦዲተሮች ጋር ስብሰባ ተቀምጬበታለሁ፤ አንድም ሰው ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም።

ማስታወሻው በተለጠፈ ማግስት የቅርብ አለቃዬን ብጠይቀው «እሱ የበዓል ልብስ ነው፤ ለገና ትለብሽዋለሽ» ብሎ መለሰልኝ። ስለ ሽሩባዬም «ብትፈቺው ይሻላል» አለኝ። አለቃዬ ክፉ ሰው አይደለም፤ የተናገረውም በቀና ልብ ነው። ነገር ግን እናቴ የፈተለችው ጨርቅ ለምን የክት ብቻ እንደሚሆን፣ ከውጭ የመጣ ፖሊስተር ደግሞ ለምን የሥራ ልብስ እንደሚባል ራሴን ጠይቄ መልስ አጣሁ። እልኸኛ መሆን አልፈልግም፤ ሥራዬን እወደዋለሁ። መሥሪያ ቤቱ ከእኔ መጠየቅ የሚችለው እስከ የት ድረስ ነው? እኔስ ራሴን ሳልጥል ልታዘዝ የምችለው እንዴት ነው? በዚህ ውስጥ ያለፋችሁ ምክራችሁን አትንፈጉኝ።


ጡረተኛው ከአራት ኪሎ፣ ኅዳር 4፣ ከምሽቱ 3፡25

ልጄ፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ የእናትሽን እጅ እግዚአብሔር ይባርክ። የምጽፍልሽ ግን ምናልባት ደስ አያሰኝሽ ይሆናል።

ከ30 ዓመት በላይ በመንግሥት መሥሪያ ቤት አገልግያለሁ። ስቀጠር ዘመኑ የደርግ ነበርና ካኪ የሚለብሰው ሰው ብዙ ነበር፤ በኋላ ሱፍና ክራቫት ተመለሰ። በሁለቱም ዘመን አንድ ነገር አይቻለሁ። ባለጉዳይ ከሩቅ አገር ተነሥቶ፣ ሌሊቱን በአውቶቡስ ሲንገላታ አድሮ፣ መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ሲደርስ ማንን መጠየቅ እንዳለበት የሚለየው በአለባበሳችን ነበር። ኮቱን ቆልፎ የተቀመጠ ሠራተኛ ሲያይ «ጉዳዬን የሚያይልኝ ሰው አለ» ብሎ ልቡ ይረጋጋል። ስለዚህ በሥራ ሰዓት የምንለብሰው ልብስ የእኛ ብቻ አይደለም፤ የባለጉዳዩም ድርሻ አለበት።

ሌላው ደግሞ የክት ልብስ ክብሩ በመቆጠቡ ነው። እናትሽ አንድ ክረምት የደከመችበትን ጨርቅ በወንበር ክንድና በማኅተም ቀለም ከምትጨርሺው፣ ለሚገባው ቀን ብታኖሪው ለእርሷም ክብር አይሆንም ወይ? አንድ ጥሩ ጥቁር ሱፍ አሰፊ፣ በየማታው ቦርሺው፣ በመስቀያ ላይ ስቀዪው፣ ጫማሽን አስጠርጊ። ከዚያ በኋላ ማንም ስለ ልብስሽ አያነሣም፤ ስለ ሥራሽ ብቻ ይነጋገራል። ይህም ነጻነት ነው።


የሰው ኃይል ባለሙያ፣ ኅዳር 5፣ ከጠዋቱ 1፡50

እንደምን አደራችሁ። እንዲህ ያለውን ማስታወሻ እኔም በእጄ ጽፌ ስለማውቅ፣ ከውስጥ በኩል ያለውን ልንገርሽ።

ከዓመታት በፊት በምሠራበት ድርጅት «ሠራተኞች ተገቢ አለባበስ እንዲኖራቸው» የሚል ዓረፍተ ነገር ጽፌ አስፈርሜ አሰራጨሁ። በአንድ ወር ውስጥ ሦስት የክፍል ኃላፊዎች ሦስት ትርጉም ሰጡት። አንዱ ጉልበት ላይ የሚደርስ ጉርድ ቀሚስ የለበሰችን ሠራተኛ ወደ ቤቷ መልሶ ላከ፤ ሁለተኛው ያንኑ ቀሚስ አይቶ ዝም አለ፤ ሦስተኛው ቃሉን ጭራሽ ለጫማ አደረገው። ወደ ቢሮዬ እያለቀሱ የመጡት ሁሉም ሴቶች ነበሩ። ወንዶቹ ክራቫት ካሰሩ ጥያቄ አልተነሣባቸውም፤ የሴቶቹ ግን ርዝመቱም፣ ጥበቱም፣ ጸጉሩም፣ የጥፍር ቀለሙም ለክርክር ክፍት ሆነ። ጥፋቱ የኔ ነበር። ቃሉ ልክ ስላልነበረው፣ ልኩን እያንዳንዱ አለቃ ከራሱ ቤት አመጣው።

«ጨዋና ሥርዓት የያዘ ጸጉር» የሚለውም እንዲሁ ነው። ሽሩባ ጸጉርን ሰብስቦ የሚያስይዝ የእናቶቻችን ሥርዓት ሆኖ ሳለ ማስታወሻው እርሱን ይከልክል አይከልክል አልተናገረም፤ የከለከለው አለቃሽ ነው። እንግዲህ መጀመሪያ በጽሑፍ ጠይቂ፤ በቃል የተጠየቀ በቃል ይረሳል። ደንቡ ለምን እንዳስፈለገ፣ ከደንበኛ ጋር ፊት ለፊት የማይገናኙትንም ይመለከት እንደሆነ፣ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን ጠይቂ። ቅሬታ ብቻ ይዘሽ እንዳትሄጂ ደግሞ አደራ፤ የተሻለ ዓረፍተ ነገር ጽፈሽ ሂጂ። አስተዳደር ክፍል ውስጥ ያለነው ሰዎች ብዙውን ጊዜ ጊዜ እንጂ ቅንነት አይጎድለንም፤ ተዘጋጅቶ የመጣልንን ጽሑፍ መቀበል ይቀለናል።


ሕግ አዋቂ፣ ኅዳር 5፣ ከቀኑ 6፡30

በሕግ በኩል ያለውን በአጭሩ ላስቀምጥ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ስለሆንሽ የሚመለከትሽ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው፤ የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ አዋጅ ስለሆነ እዚህ የምለውን እንዳለ ወደ ራሳቸው እንዳይወስዱት።

አዋጁ ስለ ቢሮ ልብስ ቀለም አንድም ቃል አይናገርም። አሠሪው ግን ከአዋጁና ከሌሎች ሕጎች ጋር የማይጋጭ የሥራ ደንብ ማውጣት ስለሚችል፣ «ሱፍ ልበሱ» ማለት በራሱ ሕገ ወጥ አይደለም። ወሰኑ ያለው በሌላ ቦታ ነው። አሠሪው የሠራተኛውን ሰብአዊ ክብር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በአካል ጉዳትና በመሳሰሉት ምክንያቶች በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግም ተከልክሏል። ስለዚህ የአለባበስ ደንብ በሴቶች ላይ ብቻ የሚከብድ፣ ወይም ማተብን ፈቅዶ ሂጃብን የሚከለክል ሆኖ ቢገኝ ጥያቄ ይነሣበታል።

ገንዘቡን በተመለከተ ደግሞ ልዩነቱን እወቂ። ከአደጋ የሚጠብቅ ልብስና መሣሪያ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው፤ የጥቁር ሱፍ ጉዳይ ግን በዚህ ውስጥ አይገባምና በስምምነት የሚያልቅ ነው። ድርጅቱ ራሱ አሰፍቶ ከደመወዝ እቆርጣለሁ ካለ፣ መቁረጥ የሚችለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ሲሆን፣ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ጠቅላላ ገንዘብም ከወር ደመወዝሽ አንድ ሦስተኛ ሊበልጥ አይችልም። የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ ጉዳዩን በኅብረት ስምምነት ድርድር ውስጥ ማስገባት ከሁሉ ይሻላል፤ ከሌላችሁም 10 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል።

ይህን ሁሉ የጻፍሁት ወደ ክርክር እንድትሄጂ አይደለም። የቆምሽበትን መሬት ካወቅሽ ድምፅሽን ከፍ ማድረግ ሳያስፈልግሽ መነጋገር ትችያለሽ።


ገንዘብ ቆጣሪዋ፣ ኅዳር 5፣ ከምሽቱ 1፡10

እህቴ፣ የእኔ ነገር ከአንቺ ይለያል፤ ግን ስለ ደንብ ልብስና ስለ ራስ ያወቅሁትን ያወቅሁት በዚያ ጊዜ ስለሆነ ልጽፈው።

ስታዲየም አካባቢ በሚገኝ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ በመስኮት ላይ እሠራለሁ። ሁላችንም አንድ ዓይነት ሰማያዊ ሸሚዝና የአንገት ስካርፍ አለን፤ እንዲያውም እወደዋለሁ፣ ጠዋት ምን ልልበስ ብዬ አልጨነቅም። ባለፈው ዓመት አባቴ ዐረፈ። በሕግ የተፈቀዱልኝን ሦስት የሥራ ቀናት ቀብርና ድንኳን ላይ ጨርሼ በአራተኛው ቀን ጥቁር ለብሼ ገባሁ። ሥራ አስኪያጁ ወደ ጎን ጠርቶኝ፣ ቃሉን አለስልሶ፣ የደንብ ልብሱን መልበስ እንዳለብኝ ነገረኝ። ያን ሸሚዝ ባጠልቀው ምን እንደሚመስለኝ ልነግራችሁ ይቸግረኛል። እናቴ ቤት ውስጥ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ተቀምጣ፣ እኔ ግን ምንም እንዳልሆነ ሰው ሰማያዊ ለብሼ ብር ስቆጥር የአባቴን ሞት የካድሁ ያህል ተሰማኝ።

ለሥራ አስኪያጁ ይህንኑ ነገርሁት። እርሱም አሰበበትና ሸሚዙን እንደለበስሁ፣ ከላይ ጥቁር ሹራብ፣ በስካርፉም ፈንታ ጥቁር ሻሽ እንዳደርግ ፈቀደልኝ፤ የስም መለያውን ከሹራቡ ላይ ሰካሁት። በዚያው ሳምንት የጡረታ ገንዘባቸውን የሚወስዱ አንዲት እናት መስኮቱ ጋ ደርሰው ሻሼን አዩ፤ ብሩን ሳይቆጥሩ «ማን ሞቶብሽ ነው ልጄ?» አሉኝ። አባቴ መሆኑን ስነግራቸው በመስታወቱ ሥር እጃቸውን አሳልፈው እጄን ያዙና «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሉኝ። ከኋላ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ጠበቀን።

ጡረተኛው አባታችን ባለጉዳዩ በልብሳችን ላይ ድርሻ አለው ማለታቸው እውነት ነው። ነገር ግን ባለጉዳዩ የሚፈልገው ሸሚዙን ብቻ አይመስለኝም። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ ጥቁር ሹራብ ደርቤ ሠርቻለሁ፤ አንድም ደንበኛ የባንኩ ሠራተኛ መሆኔን አልተጠራጠረም።


ካዛንቺስ የነበረው ፕሮግራመር፣ ኅዳር 5፣ ከምሽቱ 4፡00

የተገላቢጦሹን ልጻፍ። የምሠራበት አነስተኛ የሶፍትዌር ድርጅት ምንም የአለባበስ ደንብ የለውም፤ ጎፈሬዬን አሳድጌ፣ በጂንስና በስኒከር ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። አንድ ቀን የጨረታ ሰነድ ለማስገባት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ተላክሁ። ጂንሴ ጉልበቱ ላይ ሆን ተብሎ የተቀደደ ፋሽን ነበር። የጥበቃ ሠራተኛው «እንዲህ ሆነህ አትገባም» አለኝ። ብለምነውም፣ ብለማመጠውም አልሆነም፤ ሰነዱን የሚቀበለኝ የሥራ ባልደረባዬ ታክሲ ይዞ እስኪደርስ ሰዓቱ አለፈና ጨረታው አመለጠን። ለዝግጅቱ ሦስት ሳምንት ያመሹ ልጆች ነበሩ፤ ፊታቸውን ማየት አፍሬ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በቢሮዬ በር ጀርባ አንድ ጥቁር ኮትና አንድ ሱሪ ተሰቅለው ይኖራሉ። ጎፈሬዬን አልተቆረጥሁም። ደንብ የሌለበት የሚመስል ቦታም ደንብ እንዳለው የገባኝ ያኔ ነው፤ ያልተጻፈው ደንብ በር ላይ ይጠብቅሃል። እህቴ፣ የተጻፈ ማስታወሻ መኖሩ በአንድ በኩል ዕድል ነው፤ የተጻፈን ነገር ለማሻሻል መጠየቅ ይቻላል።


የሰንጋ ተራዋ፣ ኅዳር 6፣ ከጠዋቱ 12፡55

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ገንዘብ ቆጣሪዋ እህቴ፣ አባትሽን ነፍስ ይማር፤ የጻፍሽውን ለእናቴ አነበብሁላት።

አባቴ (ጡረተኛውን ማለቴ ነው)፣ እውነት ለመናገር ምክርዎ አልከበደኝም። ባለጉዳይን ያነሡበት ነገር ልቤን ነክቶታል፤ እኔ ግን ከደንበኛ ጋር የምገናኘው በወር አንድ ጊዜ ቢሆን ነው፤ የምውለው ከሰነድና ከኮምፒውተር ጋር ነው። ስለ ክት ልብስ ያሉትን ደግሞ ለእናቴ ነገርኋት። «ሳጥን ውስጥ እንዲከርምማ ብፈልግ ኖሮ ለምን ኮት አሰፋሽው ብዬ እቆጣሽ ነበር፤ ስታረጂበት ልይ» አለችኝ።

ጠዋት ከባቡሩ ስወርድ ስንቱ ሰው ጥቁር ሱፍ እንደለበሰ ልብ ብዬ አየሁ። ብዙው ትከሻው ሰፍቶ፣ እጅጌው ረዝሞ፣ በተደጋጋሚ ካውያ ብዛት ጨርቁ ያብለጨልጫል። ሰውን ለመንቀፍ አይደለም፤ እኔም በዚያ ዋጋ ልገዛ የምችለው ያንኑ ነው። ልብስ ስፌት የሚያውቅ ሰው ካለ በዚህ ላይ ቢመክረኝ ደስ ይለኛል።


ነርሷ፣ ኅዳር 6፣ ከቀኑ 8፡15

ከእኛ ሙያ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። እኛ ጋ ጥፍር አጭር ይሆናል፣ ቀለም አይቀባም፣ ቀለበትና የእጅ ሰዓት ይወልቃል፣ የጋዋን እጅጌ ይሰበሰባል። ማንም አያጉረመርምም፤ ምክንያቱም ጀርም በቀለበት ሥር እንደሚቀር፣ እጅ በደንብ እንዳይታጠብ እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቃለን። የጋብቻ ቀለበቴን በሰንሰለት አድርጌ በአንገቴ ሥር እይዘዋለሁ። ምክንያቱ የተነገረው ሰው ራሱ መላ ይፈልጋል። የእናንተ ማስታወሻ የጎደለው ያ ነው።


ልብስ ሰፊው፣ ኅዳር 7፣ ከምሽቱ 2፡05

ሰላም ለዚህ ቤት። ከፒያሳ ሱቃችን በ2016 በኮሪደር ልማቱ ምክንያት እስክንነሣ ድረስ ከአባቴ ጋር እዚያው ስሰፋ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ አሁን ወደ ሌላ ሰፈር ብንዛወርም መርፌው ያው ነው። ጥያቄው ወደ እኔ መስክ ስለገባ ዘለግ አድርጌ ልጽፍ።

ወደ እኔ ከሚመጣ የቢሮ ሠራተኛ ብዙው የሚጨነቀው በቀለም ነው። በሱፍ ላይ ሰውን የሚያሳምረው ወይም የሚያበላሸው ግን ትከሻ ነው። የእጅጌው ስፌት የሚያርፈው የትከሻ አጥንት በሚያልቅበት ቦታ መሆን አለበት፤ ከዚያ ሁለት ጣት ካለፈ ሰውየው የታላቅ ወንድሙን ልብስ የተዋሰ ይመስላል። ወገብና የእጅጌ ርዝመት በቀላሉ ይስተካከላሉ፤ ትከሻን ማስተካከል ግን ኮቱን እንደገና መስፋት ማለት ስለሆነ ዝግጁ ልብስ ስትገዙ ትከሻው ልክ ያልሆነውን ተዉት። የሸሚዙ እጅጌ ጫፍ ከኮቱ እጅጌ ሥር ትንሽ ብቅ ቢል ያምራል።

የሚያብለጨልጨው ነገር እውነት ነው። ፖሊስተር የበዛበት ጨርቅ ላይ ትኩስ ካውያ በቀጥታ ሲያርፍ ክሩ ይጨፈለቃል፤ ያ ብልጭታ ተመልሶ አይጠፋም። እርጥብ የጥጥ ጨርቅ በመካከል አድርጎ መተኮስ፣ የሚቻል ከሆነም ገልብጦ ከውስጥ በኩል መተኮስ ነው። እውነተኛ ሱፍ ጠዋት በኅዳር ብርድ ያሞቃል፣ ቀትር ላይም አያፍንም፤ ዋጋው ግን ለሁሉ አይደርስም። ቤታችሁ ውስጥ የአባት ወይም የአጎት አሮጌ የሱፍ ኮት ካለ አምጡት። አባቴ በወጣትነቱ ፊቱ የነጣ ኮት ሙሉ በሙሉ ፈትቶ፣ ጨርቁን ገልብጦ፣ ያልነጣውን ወደ ውጭ አድርጎ እንደ አዲስ ይሰፋ ነበር። የአንድ ሰው ጥቁር ሱፍ ለልጁ የሚበቃው እንዲህ ነበር።

አሁን ወደ ፈትል ኮቱ ልምጣ። የሸማ ጨርቅ ውሃ ሲነካው ይሰበሰባል፣ ሲለበስ ደግሞ ይላላል። ከመቆረጡ በፊት ታጥቦ ካልደረቀ በሁለተኛው እጥበት ኮቱ ይጠባል። ክርኑ ላይ ከውስጥ በኩል ደጋፊ ጨርቅ ቢለጠፍበት ጡረተኛው የፈሩት መነደል አይደርስበትም። አንዳንዶች «ጥቁር አስነክሪው» ይሉሽ ይሆናል፤ አትቸኩዪ። የእናትሽ ፈትል ቀለሙን ይጠጣል፤ ድሩ ግን የፋብሪካ ክር ነውና ንጹሕ ጥጥ ካልሆነ እኩል አይጠጣም፤ ጨርቁ ዥንጉርጉር ሆኖ ይወጣል። ገበሩና የስፌት ክሩም ብዙውን ጊዜ ፖሊስተር ስለሆኑ ነጭ ሆነው ይቀራሉ። አንዴ ከተነከረ መመለሻ የለውም።

ደንቡን ማክበር ግድ ከሆነ የማደርግልሽ ሌላ ነገር ነው። ጥቁር ሰማያዊ ኮት በልክሽ እሰፋና፣ ከተረፈሽ የእናትሽ ጨርቅ የኮሌታውን የታች ፊት፣ የውስጥ ኪሱንና የእጅጌውን እጥፋት እሠራበታለሁ። ከውጭ የሚታየው ደንቡ ያለው ነው። እጅጌሽን አንድ ጊዜ ስትሰበስቢ ግን የእናትሽ ፈትል ይወጣል። እንዲህ ያለ ሥራ ለአንዲት ዳኛ ሠርቼ አውቃለሁ፤ የውስጥ ኪሷ ከሠርግ ቀሚሷ ጥበብ የተቆረጠ ነበር፤ ከእርሷና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።


ከሜክሲኮ፣ ኅዳር 8፣ ከጠዋቱ 2፡30

በኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት የምሠራ ሙስሊም ነኝ። እኛ ጋ የደንብ ልብስ ሲወጣ ስለ ሂጃብ አልተነገረም ነበርና እያንዳንዳችን የመሰለንን ቀለም እናደርግ ነበር። አንድ ኃላፊ «የቀለም ዝብርቅርቅ ሆነ» ብሎ ሲቆጣ፣ አራት ሆነን ገባንና ከደንብ ልብሱ ጨርቅ ጋር የሚሄድ ባለ አንድ ቀለም ሂጃብ አብሮ እንዲሰጠን ጠየቅን። ተፈቀደ። እንዲያውም ጨርቁ ብርድ እንዳይከላከል ቀጭን፣ መርፌም እንዳይዘው የሚያንሸራትት ስለነበር፣ በሁለተኛው ዓመት ጥጥ እንዲሆንልን ጠይቀን ተለወጠ። ጸጉርሽን ስለ መሸፈንም ሆነ ስለ መሠራት ከመወሰናቸው በፊት የሚለብሰውን ሰው ቢጠይቁ ይህ ሁሉ ባላስፈለገ ነበር።


ጡረተኛው ከአራት ኪሎ፣ ኅዳር 8፣ ከምሽቱ 1፡45

ልጄ፣ እናትሽ ረታችኝ። ፈታይዋ ራሷ «ስታረጂበት ልይ» ካለች እኔ የክት ነው ብዬ የምከራከርበት ቃል የለኝም።

ስለ ባለጉዳይ ያልሁትን ግን አልተውም፤ ነርሷና ገንዘብ ቆጣሪዋ ልጆቼ ከጻፉት ጋር አብሮ የሚሄድ ይመስለኛል። ባለጉዳይ ወይም የበላይ አካል በሚመጣበት ቀን ጥቁሩን ልበሺ፤ በቀረው ቀን የእናትሽን። ቤት ውስጥ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያለ አንድ የሱፍ ኮት አለኝና ልብስ ሰፊውን አድራሻ በውስጥ መስመር እጠይቀዋለሁ፤ የልጅ ልጄ በዚህ ዓመት ሥራ ይጀምራል።


የሰንጋ ተራዋ፣ ታኅሣሥ 9፣ ከምሽቱ 3፡10

የሆነውን ልንገራችሁ ብዬ ተመለስሁ።

የሰው ኃይል ባለሙያዋ እንደመከረችኝ ጥያቄዎቹን በአንድ ገጽ ጻፍሁና ከሥራቸው የማሻሻያ ሐሳብ አስከተልሁ። ለባልደረቦቼ ሳሳይ 14 ሰዎች ፈረሙበት፤ አለቃዬም ከፈራሚዎቹ አንዱ ነበር። ከአስተዳደሩ ጋር የተነጋገርነው አንድ ሰዓት ለማይሞላ ጊዜ ነው። ምክንያቱን ስንጠይቅ፣ በእንግዳ መቀበያው ያሉ ሁለት ሠራተኞችን በሚመለከት ከአንድ ደንበኛ የመጣ ቅሬታ እንደሆነ ነገሩን። ለሁለት ሰው የታሰበው ለሁላችንም ተጽፎ ነበር ማለት ነው።

አዲሱ ማስታወሻ ትናንት ወጣ። ከደንበኛ ጋር ፊት ለፊት የሚሠሩት ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ይለብሳሉ፤ የጨርቁን ዋጋ ድርጅቱ፣ የስፌቱን ሠራተኛው ይችላል። ሌሎቻችን ባለ አንድ ቀለም የቢሮ ልብስ፣ «በሀገር ውስጥ የተሸመነውን ጨምሮ»፣ መልበስ እንችላለን። ይህችን ሐረግ የጻፍኋት እኔ ነኝ፤ ሳትነካ አለፈች። ስለ ጸጉር የቀረው «ንጹሕና ፊትን የማይሸፍን» የሚለው ብቻ ሲሆን ሽሩባዬ እንዳለ ነው። የኦዲትና የቦርድ ስብሰባ ባለበት ቀን ግን ሁላችንም ጥቁር እንድንለብስ ተጠይቀናል፤ አባቴ እንዳሉት መሆኑ ነው፤ ተቀብየዋለሁ። ለእነዚያ ቀናት የሚሆነኝን ኮት ልብስ ሰፊው እየሰፋልኝ ነው፤ ለእጅጌው እጥፋት የሚሆን ጨርቅ እናቴ ከሳጥኗ አውጥታ ሰጥታኛለች፤ የፈትል ኮቴንም ክርኑን ሊደግፍልኝ ቅዳሜ እወስድለታለሁ።

ያላለቀ አንድ ነገር አለ። ከስብሰባው ስንወጣ ቢሮአችንን የምታጸዳው እትዬ በኮሪደሩ ላይ አስቆመችኝና የወጣልንን ነገር ጠየቀችኝ። ነገርኋት። እርሷም የደንብ ልብሷን እጅጌ ወደ ላይ ስባ አሳየችኝ፤ ሁለት ጊዜ ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ልብሱ በየዓመቱ የሚመጣው በአንድ ልክ ነው፤ ልኳን ጠይቋት የሚያውቅ ሰው የለም። የማስታወሻው ጉዳይ ሲነሣ እርሷና የጥበቃ ሠራተኞቹ ለእኔም ትዝ አላሉኝም ነበር። ስለ እነርሱ ለምንጽፈው ሁለተኛ ደብዳቤ የስድስቱንም ልክ ነገ በምሳ ሰዓት እንለካለን፤ ልብስ ሰፊው ወንድሜ፣ ከትከሻ ሌላ የትኞቹን መለካት እንዳለብን እስከ ጠዋት ብትጽፍልኝ።


ልብስ ሰፊው፣ ታኅሣሥ 9፣ ከምሽቱ 3፡50

ትከሻ ከአጥንት እስከ አጥንት፣ ደረት በብብት ሥር ዙሪያውን፣ እጅጌ ክንድ ትንሽ ታጥፎ ከትከሻ እስከ አንጓ፣ ቁመት ከአንገት አጥንት እስከ ጉልበት፣ ለሱሪ ወገብና የውስጥ እግር። ለምታጸዳው እህታችን እጇን ወደ ላይ ዘርግታም ለኪያት፤ መስኮት ስትጠርግ ልብሱ እንዳይስባት።